ስድስተኛው በር

«ዝም በሉ፣ ጸሎት ላይ ናት!» አለች የታችኛው ፎቅ ጎረቤት፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

በክፍሉ ውስጥ የነበሩት አሥራ ሁለት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቋረጡ። ሻይ ሲያማስሉ የነበሩት ሴትዮ ማንኪያቸውን አውጥተው በእጃቸው ያዙ። በር አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁና ተነሡ። እሳቸው ከተነሡ ማን ይቀመጣል? አጠገባቸው ያለው ተነሣ፣ ቀጥሎ ያለውም ተነሣ፤ በመጨረሻ ቤቱ ሙሉ ሰው ቆሞ አንገቱን ደፋ።

ልጅቱ ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጥፋለች።

«እጄን ታጠብኩ» ትላለች በሹክሹክታ። «ስሜን ተናገርኩ። ስሙን ጠየቅኩ። መጋረጃውን ሳብኩ። ‹ልመርምርዎት፣ ይፈቅዳሉ?› አልኩ። ቆይ፣ እጄን የታጠብኩት ከመጋረጃው በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ዞር ስትል ቤቱ በሙሉ ቆሟል።

«አሜን» አሉ ባለባርኔጣው።

«አሜን» አለ ቤቱ።

ምን ትበል? እሷም «አሜን» አለችና ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ከፍራሹ ላይ ሆና ስታይ የነበረችው የሟቹ ሚስት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ለቅሶ መስሏቸው ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት። ለቅሶ አልነበረም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሣቀችው ያን ጊዜ ነው።

ልጅቱን ሰፈሩ «ዶክተሪት» ይላታል። የሕክምና ትምህርት ቤት በገባች በሳምንቱ ነው ያለፈቃዷ የሾማት፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሳይቀር ምላሱን እያወጣ የሚያሳያት ሰው አላጣችም። መንግሥት ግን እንደ ሰፈሩ ልበ ሰፊ አይደለም። ትምህርቱን ከጨረሱ በኋላ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የተግባር ፈተና አለ። ዶክተሪት አምና ወድቃለች። ዘንድሮ ከወደቀች ደግሞ የአንድ ዓመት የሆስፒታል ልምምዷን ከዜሮ ትጀምራለች፤ ጤና ጣቢያው እሷን ብሎ ይዞ ያቆየውንም ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ሁለተኛውን ፈተና ሐሙስ ተፈተነች። ዓርብ ጠዋት ያሳደጋት አጎቷ፣ ጋሼ የምትለው ልብስ ሰፊ፣ ስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ፣ የኮት አንዱን እጅጌ ሰፍቶ ሌላውን ሳይጀምር ሞተ።

«ልብ ነው» አሉ ሆስፒታል ያሉት።

እንግዲህ ዛሬ እሑድ ነው፤ ቀብሩ ትናንት ነበር። ዶክተሪት ከአጎቷ ሐዘን መሐል እየተነሣች ፈተናውን ትቆጥራለች፤ ቆጠራው ሲሰለቻት ደግሞ ወደ ሐዘኑ ትመለሳለች። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ እንደሚገናኙ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«ምኑን ነበር የምትቆጥሪው?» አለቻት የታችኛዋ ጎረቤት፣ የተዋሰቻቸውን ወንበሮች እያስጠጋች። ይቺ ሴትዮ ሰርግም ለቅሶም ሲሆን ሳትጠራ መጥታ አለቃ የምትሆን ናት፤ ደግነቱ ያለ እሷ ሰርጉም ለቅሶውም አይሆንም።

«ስሕተቴን።»

«እና ስንት ደረሰ?»

«አንድ ነው» አለች ዶክተሪት። «ግን አንዱ ይበቃል።»

*

ፈተናው እንዲህ ነው። ረጅም ኮሪደር፣ አሥራ ሁለት በሮች። በየበሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ደወል ሲደወል ወረቀቱን ታነቢያለሽ፤ እንደገና ሲደወል ትገቢያለሽ። ውስጥ በሽተኛ መስሎ የሚጠብቅሽ ሰው አለ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ነጥብ የሚሰጥ መርማሪ እንደ ዕቃ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ዐሥር ደቂቃ። ደወል። ወደሚቀጥለው በር።

ስድስተኛው በር ላይ «ዕድሜው 58፤ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ባለፈው ሳምንት ራሱን ስቶ ወድቋል» ይላል።

ይህን ያነበበ ተማሪ ሁሉ ቀሪውን በቃሉ ያውቀዋል። የልብ ቫልቭ ጠብቧል ማለት ነው፤ ቫልቭ ማለት ደም የሚያልፍበት በር ነው። ደረቱ ላይ ማዳመጫ ሲደረግ ሹሹ የሚል ድምፅ ይሰማል። መጽሐፉ እንደዚያ ይላል።

ዶክተሪት ገባች፣ ታጠበች፣ ጠየቀች፣ ማዳመጫውን አስቀመጠች። ምንም። ቦታ ቀየረች። ምንም። ሰውየው ወደ ፊት እንዲያጎነብስ አድርጋ፣ ትንፋሹን አስይዛ አዳመጠች። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፤ እንደ አዲስ የግድግዳ ሰዓት። ጊዜዋ እያለቀ ነው። መርማሪው እስክሪብቶውን አንሥቷል።

«ልብዎ ላይ ምንም ድምፅ አልሰማሁም» አለች በመጨረሻ። «የነገሩኝ ታሪክ ግን ያስፈራኛል። ስለዚህ ጆሮዬን ብቻ አላምንም፤ ዛሬውኑ የልብ አልትራሳውንድ እንዲነሡ እልክዎታለሁ።»

ደወል።

ሲጨርሱ ኮሪደሩ ላይ ተፈታኞቹ ተሰበሰቡ። «ስድስተኛው ጋ ሰማችሁት አይደል?» አለ አንዱ። «እንዴታ! ከበር ላይ ይሰማል እኮ!» አለች ሌላዋ። ሦስተኛው ድምፁን በአፉ አስመስሎ አሳየ። ሁሉም ሰምተዋል። ዶክተሪት ብቻ አልሰማችም።

«አንቺስ?» አሏት።

«እኔም» አለች። ውሸቷን ነው። ሐሙስ ቀን የዋሸችው ውሸት ዓርብ ጠዋት ሌላ መልክ ያዘ። ጆሮዬ ደንቆሮ ከሆነ፣ አለች ለራሷ፣ ከጋሼ ደረት ውስጥስ ምን ነበር ያልሰማሁት?

*

አምና የወደቀች ጊዜ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። በአራተኛው ቀን አጎቷ ገባ። አንገቱ ላይ የልብስ ሜትር እንደ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል።

«ለምን ጣሉሽ?» አላት።

«በሽተኛውን አታዳምጥም አሉ። ትቸኩያለሽ ተባልኩ።»

«ተነሺ ልኪኝ» ብሎ ሜትሩን ሰጣት።

ወገቡን ለካችው። «ስንት ነው?» «ሰማንያ ስምንት።» ሣቀና ያዘውን ትንፋሽ ለቀቀው፤ ሆዱ ወደ ቦታው ተመለሰ። «አሁን ለኪኝ» አላት። ዘጠና አምስት!

«አየሽ፣ ሰው ሲለካ ሆዱን ይደብቃል። ቸኩለሽ የቆረጥሽው ሱሪ በማግስቱ አይገባውም። እኔ ሜትሩን ይዤ ስለ ልጆቹ እጠይቀዋለሁ። ረስቶ ሲተነፍስ ያን ጊዜ እለካለሁ። ከነገ ጀምሮ በሽተኛሽ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፌቱን ሲያቆም፣ ከራት በፊት፣ ሳሎኑ ሆስፒታል ሆነ። አጎቷ በየቀኑ አዲስ በሽታ ይዞ ይመጣል። ታዲያ እንዲህ ያለ ውሸታም በሽተኛ አይታ አታውቅም። መጠጥ ይጠጣሉ ወይ ስትለው «በጭራሽ!» ይልና ተንገዳግዶ ይቀመጣል። አንድ ቀን ትራስ ሸሚዙ ውስጥ ከቶ መጣ፤ «ዘጠኝ ወር ሞላኝ፣ ባለቤቴ እንዳትሰማ» አላት። ባለቤቱ ከወጥ ቤት «ሰምቻለሁ» አለች።

እርስዎ ማለትም አስተማራት። «ስንት ቀን ሆነህ?» ስትለው ዐይኑን ያጉረጠርጥባታል። «በሽተኛ ነኝ እኮ፣ ከየት ታውቂኛለሽ? አንተ የምትይው አጎትሽን ነው።»

«እሺ፣ ስንት ቀን ሆነዎት?»

«እንዲህ ነው። አሁን ስምንት ቀኔ ነው፤ ዋናውን ግን ገና አልነገርኩሽም።»

ዋናውን ሁልጊዜ ይደብቃል። እሷም መጠበቅን ተማረች። ዝም ትላለች፣ ስለ ሥራው ትጠይቀዋለች፣ ሳያስበው ሲተነፍስ ታገኘዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጋ ቀረች።

«ምን ሆንሽ?»

«ድምፅ አለ።»

«ስፌት መኪናው ነው።»

«መኪናው ቆሟል፣ ጋሼ።»

እንደገና አዳመጠች። በጣም ቀጭን፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሲሳብ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። «ነገ ሆስፒታል ትሄዳለህ» አለችው፤ ያን ቀን እርስዎውን ረሳችው። እሷ ተረኛ ስለነበረች ከሚስቱ ጋር ሄደ። ሲመለስ ብርቱካን ገዝቶ፣ እየዘፈነ ነው።

«ጤነኛ ነህ አሉኝ። ድምፁ አብሮኝ የተወለደ፣ ምንም የማያደርግ ነው።»

«ወረቀቱስ?»

«የኮት ልክ ቆረጥኩበት።»

ይኸው ነው። ወረቀቱን ደግማ አልጠየቀችም። ማመን ስለፈለገች አመነች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማዳመጫውን እዚያው ቦታ ላይ አድርጋ ያንን ሹሹታ ሰማች፤ እንደ ቤቱ ድምፅ፣ እንደ ውሃ ቧንቧው ሁሉ ለመደችው። ዓርብ ጠዋት «ልብ ነው» እስኪሏት ድረስ።

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ሽማግሌ ገቡ። ልክክ ያለ ግራጫ ኮት ለብሰዋል፤ የሟቹን ስፌት የሚያውቅ ሁሉ ትከሻውን አይቶ ለየው።

«ደንበኛ ናቸው» አለች የታችኛዋ ጎረቤት ለሁሉም፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሽማግሌው ሚስቲቱን አጽናንተው ተቀመጡ። ሻዩን ተቀበሉ፣ አልጠጡትም። «ልጅቷ የትኛዋ ናት?» አሉ።

ሚስቲቱ በዐይኗ አሳየቻቸው። ሰውየው ወንበራቸውን ይዘው ወደ ጥጉ ሄዱ።

«የልብ ሐኪም ነኝ» አሏት። «ዐሥራ አራት ወር ሙሉ አጎትሽን ያየሁት እኔ ነኝ።»

ዶክተሪት ሚስቲቱን አየቻት። ሚስቲቱ የነጠላዋን ጫፍ ታያለች።

«መጀመሪያ የመጣ ዕለት ‹ምንዎን ያምዎታል?› አልኩት። ‹እኔን ምንም አያመኝም፣ የእህቴ ልጅ ናት የላከችኝ› አለኝ። ከዚያ በፊት ለሳል ሁለት ሐኪም አይተውታል፤ አልሰሙም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም መጀመሪያ አልሰማሁም። ‹የት ጋ ነው ሰማሁ ያለችው?› ስለው ሸሚዙን ከፈተ። ካናቴራው ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ምልክት አድርጎ ነበር። ‹እዚህ ጋ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ስል› አለኝ። ሰማሁት። አርባ ዓመት የሠራሁ ሰው፣ በጠመኔ ተመርቼ!»

«ምን ነበር?» አለች። ታውቀዋለች፤ ግን ጠየቀች።

«ቫልቩ። በጣም ጠቦ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ደግሞ ሳንባው አይችለውም። መድኃኒት ጀመርንለት። ለባለቤቱ ስድስት ወር ብያት ነበር።»

«ዐሥራ አራት» አለች ሚስቲቱ ከፍራሹ ላይ፣ ቀና ሳትል።

«ዐሥራ አራት» አሉ ሐኪሙ። «ስምንቱ ያንቺ ነው ማለት ነው። ተደብቆ ቢቆይ ኖሮ አምናውን አያልፈውም ነበር።»

ዶክተሪት ወደ ፍራሹ ዞረች። «እቴቴ፣ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች።

«እኔማ ልነግርሽ ነበር» አለች ሚስቲቱ። «እሱ ነው እንቢ ያለው። ‹ካወቀች ስትመረምረኝ ታለቅሳለች፤ ሌላ ሰው ስትመረምር ደግሞ እኔን ታስባለች፤ መቼ ልትማር ነው?› አለ። መድኃኒቱን በልብስ ቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የሚደብቀው። አንድ ቀን ደንበኛ ኮት ላይ ክኒን ሊተክል ለጥቂት ነው የተረፈው።»

ባለባርኔጣው ሽማግሌ ሊሥቁ ፈልገው ወደ ሳል ቀየሩት።

ያን ጊዜ ነው ዶክተሪት ስድስተኛውን በር የተናገረችው። ሁሉንም አወጣችው፤ ወረቀቱን፣ ሰዓት የመሰለውን ልብ፣ ሁሉም ሰማሁ ማለታቸውን፣ የእሷንም ውሸት። «የጋሼን የሰማሁት በዕድል ነው» አለች። «ፈተናው ላይ ግን የሁሉም ጆሮ የሰማውን የእኔ አልሰማም። ወድቄያለሁ።»

ሐኪሙ ሻያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ፉት አሉ።

«እዚያ በሽተኛ መስለው የሚቀመጡት ሰዎች እኮ ጤነኞች ናቸው» አሉ። «ለዓመታት ለፈተናው ስመርጣቸው ኖሬያለሁ፤ ልባቸውን መርምረን ነው የምንቀጥራቸው። ታሪኩን ያጠናሉ፣ ሳሉን ይስላሉ። የልብን ድምፅ ግን ማን አስመስሎ ያመጣል?»

«ታዲያ እነሱ ምን ሰሙ?»

«መጽሐፉን።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ያልነበረ ድምፅ የሰሙት በሕይወታቸው እውነተኛውን ደጋግመው ስላልሰሙ ነው። አንቺ በየቀኑ ከአንድ ደረት ላይ ሰምተሽዋል። ስለዚህ ሲጠፋ ታውቂዋለሽ። ውጤትሽን አላውቅም፤ ያረምኩት እኔ አይደለሁም። እኔ ቁጭ ብዬ ቢሆን ግን ተነሥቼ እጅሽን እጨብጥ ነበር።»

ተነሡና ጨበጧት። ቤቱ ሙሉ ሰው ምኑም ሳይገባው፣ ትልቅ ነገር መሆኑ ግን ገብቶት፣ ደግሞ ተነሥቶ ቆመ።

*

ሰኞ ረፋዱ ላይ ውጤት በስልክ ይታያል ተባለ። የስልክ መረቡ በዚያ ቤት የሚገኘው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የስፌት መኪናው ያለበት መስኮት። ዶክተሪት ከጥጓ አልነሣም አለች።

«ለቅሶ ቤት ነው፣ ነገ አየዋለሁ።»

«ነገማ እኔ ልሞት ነው» አለች የታችኛዋ ጎረቤት። «አንድ ቤት ላይ ሁለት ለቅሶ ይከብዳል። አምጪ ስልኩን!»

የመለያ ቁጥሯን እየጠየቀች ጻፈችው፤ ሁለት ጊዜ ተሳስታ በሦስተኛው ገባ። አንዲት ትንሽ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ክቧ ትዞራለች። ባለባርኔጣው «ትንሽ ወደ ላይ ያዢው» አሉ። ወደ ላይ ያዘችው። «ወደ ግራ።» ወደ ግራ አደረገችው። ሚስቲቱ ብቻ ከፍራሹ አልተነሣችም፤ ትንፋሿን ግን ይዛለች፤ ከሩቅም ያስታውቃል።

ጎረቤቲቱ ዝም አለች። ይቺ ሴትዮ ዝም ስትል ማንም አይቶ ስለማያውቅ ሁሉም ደነገጠ። አንድ ዓመት፣ አለች ዶክተሪት በልቧ፣ ከዜሮ።

«እኔ እንደሚገባኝ...» አለች ጎረቤቲቱ በመጨረሻ፣ «ግን መነጽሬን አልያዝኩም። አንቺ አንብቢው፤ ቀይ አይደለም፣ አረንጓዴ ነው።»

ዶክተሪት ተነሣች። የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ በአንድ እጇ ተደግፋ አነበበች። አሥራ ሁለት መስመር። ከላይ «አልፈዋል» ይላል። በጣቷ ወደ ታች ወረደች፤ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ከስድስተኛው ትይዩ ያለው ነጥብ ሙሉ ነው። ከሥሩ መርማሪው ጽፏል፦ «ያልሰማችውን ሰማሁ አላለችም።»

ጮክ ብላ አነበበችው። ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ወጣ፣ ከፍ አለ፣ ሊሰበር ነው ሲባል ሣቅ ሆነ። እንባዋ ግን አልጠበቀውም፤ አብሮ ወረደ።

ጎረቤቲቱ አጨበጨበች። አጨብጭባ ደግሞ ደንግጣ እጇን ብብቷ ሥር ደበቀች። «ለቅሶ ቤት ነው እኮ!» አሉ ባለባርኔጣው፣ እሳቸውም እያጨበጨቡ። ሁሉም ወደ ሚስቲቱ አየ።

«ምን ታዩኛላችሁ? አጨብጭቡ እንጂ» አለች። «ሰውየው ዘጠኝ ወር ያረገዘው ለዚህ አይደል?»

ያን ጊዜ ቤቱ ተናወጠ። ታች መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቀና ብለው አዩ፤ ሟቹ ሳይጨርሰው የቀረው ኮት በመስኮቱ ላይ በአንድ እጅጌው እንደተሰቀለ ነው፣ ከኋላው ሰው ያጨበጭባል። ምን ዓይነት ለቅሶ ነው ሳይሉ አልቀሩም። ዶክተሪትን አንገቷን ይዘው የሳሟት፣ ትከሻዋን የመቷት፣ «ድሮም ብያለሁ» ያሏት ብዙ ናቸው፤ ድሮ ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። የታችኛዋ ጎረቤት ወዲያው ክንዷን ገልጣ ቁጭ አለች። «እኔ እንኳን ምንም አያመኝም» አለች። «ለማስጀመር ያህል ነው።»

«ቆይ» አለች ሚስቲቱ። «ወረፋው የእኔ ነው።»

ዶክተሪት ማዳመጫዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ፍራሹ ላይ ከሚስቲቱ ጎን ተንበረከከች፤ የብረቱን ጫፍ እንዳይቀዘቅዛት በመዳፏ አሞቀችው።

«ላዳምጥዎት፣ ይፈቅዳሉ?» አለች።

ሚስቲቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ያየችው ግን መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ኮት ነው። ዶክተሪት ማዳመጫውን አስቀመጠች። አልቸኮለችም። የያዘችውን ትንፋሽ እስክትለቅ ጠበቀቻት። ለረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«ምን ይላል?» አለች ሚስቲቱ።

«ደህና ነው፣ እቴቴ። ምንም የለም።»

«እንግዲያውስ» አለች ሚስቲቱ፣ የቀሚሷን ቁልፍ እየቆለፈች፣ «በደንብ አልሰማሽም።»